የሚስ ዶሪስ ሰባት ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ ውስጥ ተረት የሚነግሩኝ አያቶቼ አልነበሩም፤ የአጥር ጎረቤታችን ሚስ ዶሪስ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትዳር ይዘው የማያውቁ፣ ቀልድ የሚወዱ የቴክሳስ ሴት። ብርዱ ሲገባ በጓሯቸው የፔካን ዛፍ ጉማጅ ያነዱና ይጠሩናል፤ አባቴም ፎርት ዎርዝ ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ የሥራ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ስለሚያጥረው አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ተረታቸው አንድ ነው፦ ቅድመ አያታቸው ኢላይጃ በበሬ ጋሪ ከቴነሲ ተነሥቶ ቴክሳስ እንዴት እንደገባ። ወንዝ ሞልቶ አንዱ በሬ ሲሰምጥበት፣ ኢላይጃ ቀንበሩን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ከቀረው በሬ ጋር ጋሪውን ጎትቶ አወጣ ይላሉ። ወንዙ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ያኔ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ ፊታቸውን ሲያቀላው እያየሁ፣ ሁሉንም አምን ነበር።

አንድ ምሽት አባቴ የኢላይጃ አባት ማን እንደሆነ በእኔ በኩል ጠየቃቸው። ቤተሰቡ የሚጀምረው ከኢላይጃ ነው፣ ከእሱ በፊት ያለውን አናውቅም አሉ። አባቴ ደነገጠ። እኛ ቤት ልጅ ከፊደል ጋር የሚማረው ሰባት ቤት መቁጠር ነው፤ ያንን ያልቆጠረ ሳያውቅ ዘመዱን ሊያገባ ይችላልና። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ሚስ ዶሪስ እስካሁን ያላገቡት ሰባት ቤት መቁጠር ስላቃታቸው መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። ምን እንዳልኩ ሲገባው አባቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍሙን ቆሰቆሱ። ከኢላይጃ ዘር የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የኢላይጃን አባት ሳያውቁ ከሞቱ ከእንግዲህ የሚጠይቅ የለም። በጸደይ መኪናቸውን አስነሥተው ቴነሲ ሄዱ። አባቴ «ዘር ከልጓም ይስባል» አለ።

ተመልሰው ሲመጡ እሳቱን አነደዱ፣ ተረቱን ግን አላነሡም። እዚያ ያገኟቸው የሩቅ ዘመዶች እንደነገሯቸው፣ የኢላይጃን አባት የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን የኮሩበት የቤተሰብ ስም የእናቱ የማርታ ነው፤ ማርታ የወለደችው ሳታገባ ነበር።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ቆጠራዬ እዚህ ላይ አበቃ» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ነገርኩት። አባቴ ነገሩ አልገባውም።

«እንዴ፣ በእናት እንዳይቆጥሩ ማን ከለከላቸው? እኛ አገር ርስትም በእናት ይወረሳል። የማርታ አባት ማን ነው በያቸው።»

የማርታን አባት ያውቁ ነበር። አያቷንም፣ ቅድመ አያቷንም። ቴነሲ ያሉት ዘመዶች ሁሉንም ነግረዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ሐፍረቱ ዓይናቸውን ሸፍኖት እንደ ዘር አልቆጠሩትም። እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው በጣቶቻቸው ጀመሩ፦ አባታቸው፣ አያታቸው፣ ኢላይጃ፣ ማርታ። የአንድ እጅ ጣት አለቀና ወደ ሌላው ተሻገሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ በጣም ደስ አለኝ።

«ኦኬ፣ ሰባት ሞላ» አሉ። «አሁን ባል ፈልጉልኝ።»

ባሉን አላገኘንም። ተረቱ ግን ከዚያ ወዲያ ከማርታ ይጀምር ጀመር፤ አራስ ልጇን ታቅፋ ቀና ብላ በሰው ፊት ከምትሄደው ማርታ። የወንዙ ስፋት ያን ያህል አላሳሰባቸውም።

ሚስ ዶሪስ ካረፉ ቆይተዋል። ለልጆቼ የአባቴን ሰባት ቤት ስቆጥር አምስተኛው ላይ እየተደናቀፍኩ ስልክ እደውልለታለሁ፤ የሳቸውን ግን አንድም ሳልስት እወጣዋለሁ። ባለፈው ትንሿ ልጄ «ታዲያ፣ ሚስ ዶሪስ ዘመዳችን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት፤ በእናት በኩል።