ከጥላው ማዶ ያለው ጎል

መጀመሪያ የተመደብኩት በመስመር ዳኝነት ነው። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። ዋናው ዳኛ ባንዲራውን ሲሰጠኝ፣ "ጩኸት ሰምተህ እንዳታነሳ" አለኝ። "ሰዉ በሙሉ በዚህ በኩል ባለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚከማቸው። ማዶ ጎል ላይ የሚሆነውን አያይም።" እውነቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋና ዳኛ ሆኜ ብዙ ዘመን ሮጥኩ። ስድቡንማ ጠግቤዋለሁ። "ዕውሩ!" ሲሉኝ ዞር ብዬም አላይ። የሰይድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሰይድ የቀወት ገበሬ ልጅ፣ ተከላካይ ነበር። ሰው ሳይነካ ኳስ ይነጥቃል። በዚያ ዓመት የቀበሌዎች ዋንጫ ኮከብ ተጫዋች ለክለብ ሙከራ እንደሚላክ ተነገረ። ከፍጻሜው በፊት ሰይድ መጣና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ካልሆነ በጅቡቲ በኩል እወጣለሁ። ከደላላው ጋር ጨርሻለሁ" አለኝ።

"ወግድ! የባሕር ሲሳይ ልትሆን ነው?" ብዬ ተቆጣሁት።

"እዚህስ ምን አለኝ?" አለ።

ፍጻሜውን ያጫወትኩት እኔ ነኝ። ከዕረፍት በኋላ የሰይድ ቡድን ጎል ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ሆነ። ሰይድ ያለቀለትን ኳስ ከጎሉ መስመር ላይ አወጣ። አጥቂ ብቻውን ሲገባ ደርሶ ነጠቀው። አጠገቡ ሆኜ አየሁ። በጥላው በኩል የቡድን ጓደኛው ያሲን አንዷን አገባ፤ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። በእሷ አሸነፉ።

ኮከቡን የምንመርጠው ዳኞችና አሠልጣኞች ነበርን። የዚያን ዕለት ግን የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማይክ ይዞ፣ "ዘንድሮ ሕዝቡ በጭብጨባ ይመርጣል!" አለ። ሮጬ ሄድኩ።

"ኧረ ተው! ሰዉ እኮ ግማሹን ጨዋታ አላየም።"

"ጋሼ፣ ኳስ የሕዝብ ናት። እናንተ ከዚህ ሁሉ ሰው ትበልጣላችሁ?"

"በማየት እንበልጣለን።"

ሳቀ። "እንግዲያው እርስዎም ያጨብጭቡ። አንድ ድምፅ አለዎት።"

አጨበጨብኩ። ሰይድ ሲባል የተሰማው የእኔና የመስመር ዳኞቹ ጭብጨባ ነው። ያሲን ሲባል ኒሙ ሥር ያለው ሁሉ ብድግ አለ። ያሲን ምን አጠፋ? አግብቷል። ሰይድ ጫማውን ፈትቶ በእጁ ይዞ ወጣ።

እንዳለውም ሄደ። ጀልባ ልንሳፈር ነው ብሎ ለቤተሰቡ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ለቅሶ አይቀመጡ ነገር፣ ሞቱ አልተረዳ።

አባቱን ሼህ ኡመርን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰላምታ ስንጨርስ እጄን ሳይለቁ፣ "ልጄ ኳስ ይችል ነበር?" አሉኝ። "እኔ ሜዳ ሄጄ አላውቅም። ሰውም ስሙን ሲያነሳ አልሰማሁ።"

"ከሁሉም ይበልጥ ነበር" አልኳቸው።

"ታዲያ ምነው ሳትነግራቸው?"

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ሼህ።"

እጄን ለቀቁ። "አላህ ያምጣው" አሉና አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

አሁን ፊሽካ ለያዛችሁ ልጆች የምለው ይህን ነው። ለሽልማት ሲመረጥ ያየ ሰው ድምፅ ካላየው ሰው ድምፅ ይበልጣል። እኩል ከተደረገ፣ ሰው በማያይበት በኩል የሠራው ሳይመረጥ ይቀራል።