ስለ ትልቁ አንጀት ያነበብኩት ዜና

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እንጅባራ በምማርበት የመሰናዶ ትምህርት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት፣ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ አንድ የጤና ዜና አነበብኩ። ወሩ ጥቅምት ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ንባቡ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዜናው ውስጥ አንድ የመረጃ ስህተት ነበረ።

ይህን የቀሰቀሰብኝ የማይክሮፎን ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለሥራ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የዛሬዎቹ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ማይክሮፎናቸውን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት፤ «እስቲ ይሞክሩልን» አሉኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው የደረቀ ትንፋሽ፣ የማስቲካና የዝገት ሽታ አንድ ላይ መጣ። በእኛ ጊዜ ስፖንጁ ጠፍቶ ስለነበር ማይክሮፎኑን ቀይ የሕፃን ካልሲ አልብሰነው ነበር። ሽታው ግን ያው ነው። ሳልሞክረው መለስኩላቸው።

በዚያ ዓመት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ተከራይቼ እኖር ነበር። እኔ የጥሊሊ ከተማ ልጅ ነኝ። እሷ ከአዲስ ቅዳም ወደ ውስጥ ከሚገባ የገጠር ቀበሌ ነበር የመጣችው፤ አባቷ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ አክስለው የሚሸጡ ገበሬ ነበሩ። በቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነበር፤ ግን ከመናገሯ በፊት ትንሽ ታስባለች፤ ተናግራ የምታርመው ነገር አልነበራትም።

እንደማንኛውም ተከራይ ተማሪ ዓርብ ዓርብ ወደየቤታችን ሄደን እሑድ ማታ የሳምንት ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። እንጀራው ሰኞ ለስላሳ ነው። ረቡዕ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሐሙስ ሻጋታውን በቢላ ጠርገን፣ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥተን በድርቆሽ እንጨርሰዋለን። አንድ ቀን ከእኔ ማዳበሪያ፣ አንድ ቀን ከእሷ ማዳበሪያ እየተነሣ፣ በአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ግድግዳችንን ያንዘፈዝፈዋል። ምሽት ላይ ሲቆም ጆሯችን ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነው ወሬ የምንጀምረው።

ያን ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን የምግብ መፈጨት ሥርዓትን ያስተምሩን ነበር። በሸራ ላይ የተሳለ የሰው ሆድ ሰሌዳው ላይ ሰቅለው፣ ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ቆራርሰው አደሉን።

«አኝኩ፤ እንዳትውጡ» አሉ።

የሚሰማው የስድሳ ልጅ መንጋጋ ብቻ ነበር። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች።

«ቲቸር፣ ጣፈጠኝ።»

«ስኳሩን ማን ጨመረልሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ምራቄ።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። ምግብ መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ እንደሆነ፣ ምራቅ ዳቦውን ወደ ስኳር መለወጥ እንደሚጀምር፣ ይህንን ከመጽሐፍ ሳታነብ በምላሷ ያወቀች እሷ መሆኗን ተናገሩ። ከዚያ በጠመኔያቸው ሸራውን ተከትለው ወረዱ፦ ጨጓራ በአሲዱ ይፈጫል፤ ትንሹ አንጀት የሚጠቅመውን ወደ ደም ያስገባል፤ የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል።

«የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ውሃ መምጠጥ ነው። እናንተ ስታቆዩት እሱ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም፤ መምጠጡን ይቀጥላል። በቆየ ቁጥር ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ለመውጣት ያስቸግራል።»

እኔ ቃል በቃል ጻፍኩት። እሷ ያን ጊዜ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አይቻታለሁ።

ያን ሳምንት መጨረሻ ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት ስለነበረ ሁለታችንም ቤታችን አልሄድንም። ከትምህርት ስንመለስ ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተኛች። ፊቷ ላይ ላብ ነበረ።

«ምን ሁነሽ ነው አንች?»

«ሆዴ ድንጋይ ሆነ።»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። የትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር አልነበረውም፤ ፊት ለፊቱ ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ። የተከራየንበት ግቢ መጸዳጃ ቤት ደግሞ አሥራ አንድ ተከራይ የሚጋፋበት፣ መጋረጃው የተቀደደ ማዳበሪያ ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ እገባ ነበር። እሷ አልቻለችም። በየሳምንቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይዛ፣ አገሯ ገብታ ዲከረንሱ መሃል ነበር የምትገላገለው። እንዳያስቸግራት ብላም ውሃ አትጠጣም። ደረቅ እንጀራ ያለ ውሃ ትበላለች። ያን ሳምንት አገሯ አልሄደችም።

«ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ።

«ስምሽን መች አነሣለሁ!»

ያልኩት ይህንን ነው፤ ቃሉን በደንብ አስታውሰዋለሁ። አልነግርም አላልኩም።

አከራያችን ነገሩን ሳንነግራቸው ገባቸው። የተቆላ ተልባ ወቅጠው፣ በጥብጠው በትልቅ ኩባያ አመጡላት። «ጠጭው እታለም፤ ደግሞ ውሃ ጠጭ። ሰው እንዴት በገዛ ሆዱ ላይ ይዘጋል?» አሉ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጠው የእኛን በር ሲያዩ ዋሉ።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ሚኒ ሚዲያው አንባቢ ይመርጥ ነበር፤ ሦስት ሆነን እንወዳደራለን። ስለ ምግብ መፈጨት የጻፍኩትን ለሚኒ ሚዲያው ኃላፊ፣ ለአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ሳሳየው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

«ይኼማ ደብተርሽ ነው። ሰው የታለ? ዜና እኮ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ነው።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ደረቴ ላይ ተኝቼ እንደገና ጻፍኩት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የወፍጮው ብናኝ ይንሳፈፋል።

«ስሚኝ እስቲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ።

«ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው።»

ቆየች። ከዚያ ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች።

ማክሰኞ ለውድድሩ ያነበብኩት፣ ከመግቢያው በኋላ፣ እንዲህ ይላል፦ «ለምሳሌ የትምህርት ቤታችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልጅ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ስለሌለው ስምንት ቀን ሙሉ ሳትፀዳዳ ቆይታለች።» ከዚያ ስለ ትልቁ አንጀት የመምህሩን ቃል ጨመርኩ። ውሃ መጠጣት፣ አትክልት መብላት፣ ሰገራ ሲመጣ አለመያዝ እንደሚገባ ተናገርኩ። ሁሉም ትክክል ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ሴት ልጆች ሁለት ነበሩ። አንዷ ታነብ ነበር።

የሚኒ ሚዲያው ክፍል መስኮት በካርቶን የተሸፈነ ስለሆነ ሜዳው አይታየኝም። መጀመሪያ የሰማሁት የኳሱ ድምፅ መቆሙን ነው። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ጨመረ። አንዱ «ስምንት ቀን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። ይህን ስጽፍ የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ደስ አለኝ። ሰሙኝ አልኩ። ካልሲው ላይ ተጠግቼ የመጨረሻውን አንቀጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

በኋላ ሰዎች ሲጠይቁኝ በሩ እንዲገጠም ብዬ ነው ያደረግኩት አልኩ። ያ ምክንያት በኋላ የመጣ ነው። እርግጥ በሁለተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ የቆርቆሮ በር አስገጠሙ፤ በሰልፍ ላይም አመሰገኑኝ። አንባቢነቱም ለእኔ ሆነ። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚያ በር ነው።

ስወጣ እሷ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ቆማለች። እጇ እርጥብ ነበረ። ዙሪያዋን ያሉት ልጆች ትንሽ ራቅ ብለው፣ አፋቸውን ሸፍነው ያዩአታል። አንድ የክፍላችን ልጅ «እመቤት ስምንት ቀን፣ ውሃ ጠጭ እንጅ!» አላት። ወደ እኔ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበች።

«ሰባት ነው» አለችኝ። «ትናንት ጠዋት ተሽሎኛል። ልነግርሽ ነበር።»

ከዚያ ደወል ተደወለ።

በሃያ ዓመት ግድም የሥራ ዘመኔ ብዙ ማስተባበያ ጽፌያለሁ። ለዚህኛው አልጻፍኩም። ማስተባበያው ምን ሊል ነው? ሰባት ቀን ተብሎ ይነበብ?

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት እንደቀረች አስታውሳለሁ። ባዶውን ወንበር፣ ሰሌዳው ላይ የተሰቀለውን ሸራ፣ ከፊቴ ያለውን ቦታ ሁሉ አስታውሳለሁ። ለባልደረቦቼ አንዳንዴ ሳወራው «ልጅቷ በነጋታው ቀረች» ብዬ ነው የምጨርሰው። ሐሙስ ማታ ከአንድ ሳህን አልበላንም። ከአገሯ በሰው የተላከላትን የራሷን ማዳበሪያ ፈትታ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ፣ ፊቷንም ሳታዞርልኝ፣ ለብቻዋ በላች። ውሃ ስትጠጣ ሰማኋት።

ቅዳሜም ማካካሻ ስለነበረ ቤታችን አልሄድንም፤ አባቷ ዕቃዋን ሊጭኑ በፈረስ መጡ። ሌላ ቤት፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ልትኖር ነበር። ፍራሹን ጠቅልለው ሲጭኑ ምንም እንዳልነገረቻቸው ገባኝ። በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ በአጭሩ መለሰችላቸው፤ ወደ እኔ አዩና ፈገግ አሉ። ከኮርቻው ላይ አንድ ፌስታል ፈትተው ሰጡኝ። የተቀቀለ ድንች ነበር፤ ገና ሞቅ ያለ፤ የአፈርና የጭስ ሽታ ነበረው።

«እህት ሁነሽ ይዘሽልኛል አሉ። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…» አልኩ።

ልጓሙን የያዘችው እሷ ነበረች። አየችኝ። የሚለምን ዓይን ነበር። እሳቸው ፊት እንዳልናገር የምትለምነኝ እሷ ነበረች። ፌስታሉን አቅፌ ሸኘኋቸው። ድንቹን ሰኞም ማክሰኞም አልበላሁትም፤ ሲበላሽ ጣልኩት።

ዓመቱን ሙሉ ሁለት ዴስክ ተራርቀን ተማርን። «ስምንት ቀን» የሚለው ስም እስከ ገና ድረስ ቆይቶ ሌላ ስም ወረሰው። ሰላምታ ሰጥታኝ ታውቃለች። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን አልነበረም። አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ ተለያየን። የት እንዳለች አላውቅም፤ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ነግረውኛል፤ አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ባለፈው ወር፣ ማይክሮፎኑን ከመለስኩ በኋላ፣ መዝገብ ቤቱን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «የዚያን ዘመን አይጥ ያልበላው ካለ ይፈልጉት» ብላ ወደ መጋዘኑ አስገባችኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የክፍላችንን የስም መቆጣጠሪያ አገኘሁት። ሽፋኑ የለም፤ የውስጡ ገጽ ግን ይነበባል። ወደ መውጫው ስሄድ በሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በኩል አለፍኩ። በሩ የብረት ነው፤ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው። ሞከርኩት፤ ይዘጋል።

መዝገቡን ለሠራተኛዋ ከመመለሴ በፊት፣ ከመጋዘኑ ደጅ፣ በብርሃን፣ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። በጥቅምት ወር፣ ከዚያ ማክሰኞ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ፣ ከእሷ ስም ፊት ያለው ሳጥን ላይ የመገኘት ምልክት አለ። ከእኔ ስም ፊት ያለው ላይ «ቀ»፣ ቀሪ፣ ተብሎ ተጽፏል።