በሽቦ የታሰረው የበቀቀን በር

በቀቀኑን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል። ከመርሐቤቴ ቆላ እህል ጭኖ ሲመለስ አንድ ደንበኛው ከጫጩትነቱ ያሳደገውን ወፍ በካርቶን አድርጎ ሰጠው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሞላሌ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነበርን። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ አባባ ቄስ ናቸው፣ እርጅና ተጭኗቸው ከማለዳ ኪዳን በቀር ብዙም አይወጡም።

"ለቤቱ ድምፅ ይሆናችኋል" አለ ወንድሜ።

ድምፅስ ሆነ። አረንጓዴ ነው፣ አናቱ ቢጫ፤ ሲጮህ የስፌት መኪናዬ አይሰማም። መንቆሩ ግን ከጩኸቱ የባሰ ነበር። አባባ በቆሎ ሊያቀብሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ሌባ ጣታቸውን ገምጦ ሥጋውን አነሳው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ "ይህ ወፍ አይደለም፣ ጉጠት ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያበሉት በእንጨት ማንኪያ ነው።

የከተማው በያጅ በቀጭን ፌሮ የወፍ ቀፎ ሠራልን። ሁለት በር ነበረው። ትልቁ ፊት ለፊት ሆኖ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ትንሹ ከታች የምግብ ሰሃን የሚገባበት፣ ወደ ላይ የሚንሸራተት ነው፤ ከራሱ ክብደት በቀር የሚይዘው ነገር የለም። ወፉ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ረፋድ ላይ በረንዳ ተቀምጬ ዘርፍ ስጠቅም መንቆሩን ከትንሹ በር ሥር ሰክቶ ከፍ አደረገው፤ አንገቱን አሾለከ፣ በሩን በጀርባው ተሸክሞ ወጣ፣ በረረም።

ጎረቤት ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ቁራዎች ነበሩ። የእኛ አገር ቁራ ገና ያልቆመ ግልገል ዓይን የሚያወጣ ነው። አንዱ ከላይ መታው፤ ሌላው ክንፉን ይዞ ጎተተው። እየተሽከረከረ አውድማው ላይ ሲወድቅ ተከትለው ወረዱበት። ድንጋይ እየወረወርኩ ሮጥኩ። ነጠላዬን ጥዬበት በሁለት እጄ አፈስኩት። አውራ ጣቴን ነከሰኝ፤ ጥፍሬ ከሥሩ ሲነቀል ተሰማኝ። አንዱ ቁራ አናቴን ቧጥጦ አለፈ። አልለቀቅሁም። ቤት ስደርስ በነጠላው ላይ የእሱ ደም ከእኔ ደም አይለይም ነበር።

ወንድሜ መጥቶ ጣቴን ሲያይ ተናደደ። ጥቁር የማሰሪያ ሽቦ አመጣ፣ ከመኪናው ፒንሳ አወጣ፣ ሁለቱንም በሮች በሽቦው ጠምዝዞ አሰራቸው። ሰሃኑ በፌሮው መሃል እንዲገባ ብቻ አንዱን ዘንግ አጎበጠው።

አባባ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ሲቸግረን በምን እንከፍተዋለን?" አሉት።

"በፒንሳ ነዋ።"

"ፒንሳው የማን ነው?"

"የእኔ። ስመጣ ስመጣ ከፍቼ አጸዳላችኋለሁ" አለ። ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ብርዱ ሲጠነክር ወፉን ከምድጃው አጠገብ ለማሳደር ቀፎውን ማድ ቤት አስገባነው፣ የበግ ጠጉር ባናም አለበስነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ አባባ ለኪዳን እንደወጡ፣ ከማድ ቤት ጩኸት ሰማሁ። እንደ ሁልጊዜው ጩኸት አልነበረም፤ የሕፃን ለቅሶ ይመስል ነበር። በሩን ብከፍት ባናው መሬት ወድቋል። ሸለምጥማጥ ቀፎው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጁን በፌሮው መሃል ሰዶ የወፉን እግር ይዞ ይጎትታል።

ፍልጥ አንስቼ ወገቡን መታሁት። አልለቀቀም። ደግሜ ስመታው ዞሮ ክንዴ ላይ ዘሎ ጥርሱን ሰካ። ከእነእጄ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት፤ ወደቀ። ሳይነሳ ጭንቅላቱን መታሁት። መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላም መታሁት፤ ፍልጡ ለሁለት እስኪሰበር ድረስ እጄ አልቆመም።

ወፉ ዘቅዝቆ ተንጠልጥሏል። እግሩ ከጉልበቱ በታች በጅማት ብቻ ቀርቶ በሁለቱ ፌሮ መሃል ተቀርቅሯል፤ ክንፉን ባራገበ ቁጥር ደሙ ይረጫል። ሽቦውን በጣቴ ለመፍታት ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። በጥርሴ ያዝኩት፣ ጥርሴ ተሸረፈ። በመጨረሻ መጥረቢያ አነሳሁና የትልቁን በር ማጠፊያ በጠርዙ ደበደብኩት። አንድ ጊዜ ብስት ወፉ አልቆለት ነበር። ማጠፊያው ሲበጠስ በሩን ገንጥዬ እጄን አስገባሁ። የስፌት መቀሴን አምጥቼ ጅማቱን ቆረጥኩ፣ የቀረውን እግር በክር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ያን ጊዜ አልነከሰኝም።

አባባ ሲመለሱ ደም ውስጥ ተቀምጬ አገኙኝ። መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ "ማን ነው የነካሽ?" አሉ።

"ሰው አይደለም አባባ፤ ሸለምጥማጥ ነው።"

ሬሳውን በጅራቱ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ክንዴን አጥበው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተጀመረልኝ።

ወንድሜ ሲመጣ ወፉ በሣር ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው።

"እታለም፣ በአንድ እግር ምን ይኖራል? እያየነው ከሚሰቃይ ልገላግለው።"

"እጅህን አንሳ።"

"ሲሞት ማየት ነው የምትፈልጊው?"

"እጅህን አንሳ አልኩህ።"

አንገቱን ይዞ አነሳው። እኔ ተንደርድሬ እጁን ስይዝ የተጠቀለለውን ክንዴን ጨብጦ ገፋኝ። ቁስሉ ተከፈተ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው መቀስ እጄ ገባ፤ ክንዱ ላይ ሰካሁት። ወፉን ጣለው። ፊቱን አይቼ ሊመታኝ እንደሆነ አወቅሁ፤ እኔም መቀሱን አላወረድኩም። አባባ ከኋላ መጥተው በመቋሚያቸው ትከሻውን መቱት። ልጆች ሳለን እንኳ እጃቸውን አንስተውብን አያውቁም ነበር።

"ውጣ" አሉት ዝግ ብለው። ወደ እኔም ዞረው፣ "አንቺም ያንን አስቀምጪ" አሉ።

ወንድሜ ደሙን እያንጠባጠበ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ሲያልፍ የመኪናውን ጥሩምባ እሰማ ነበር፣ አይቆምም። አባባ በጸሎታቸው ስሙን ሲጠሩ ግን እኔም አሜን እል ነበር።

ፍልሰታ ሲፈታ ወንድሜ መጣ። ሰላም ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ። ከኪሱ የጭነት ሸራ የሚታሰርበት፣ ሞላ ያለው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚከፈት ማንጠልጠያ አወጣ፤ አንድ ለትልቁ በር፣ አንድ ለትንሹ። በያጁን ጠርቶ ማጠፊያውን አስበየደ፣ ቀፎውን ዙሪያውን በጠባብ ወንፊት ሽቦ አለበሰው። ሲጨርስ፣ "ክፈቻት እስቲ" አለኝ። በአንድ እጄ ከፈትኳት። አባባም በተነከሰው ጣታቸው ሞከሩ፤ ተከፈተላቸው።

ወፉ ግድግዳውን ተደግፎ በአንድ እግሩ ቆሞ ያየን ነበር። በማግስቱ ማንጠልጠያውን በመንቆሩ ይዞ ሲታገለው ዋለ። እስከ ዛሬ ይታገለዋል፣ አልቻለውም።

ወንድሜ ያን ቀን ሲሄድ እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ። እኔም የእኔን አሳየሁት። ይቅርታ አልተባባልንም። "እራት ብላና ትሄዳለህ" አልኩት፤ ተመልሶ ተቀመጠ።