ወይባ የታጠነው ሰደርያ

ባሌ ዋና አያውቅም። ይህን የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነበርን፤ ከሚሴ ግን በአብዮቱ በዓል ቦርከናን በዋና እንደሚሻገር ሰምታ ጨርሳለች። በወጣት ማኅበሩ ስብሰባ "ማን ይዋኛል?" ሲባል ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነው። የባሌ እጅ ሁልጊዜም ከጭንቅላቱ ቀድሞ ይነሳል።

የአሰብ መስመር ሹፌር የሆነው አጎቱ ሰው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ከወደብ አመጣለት። ላዩ ሸራ፣ ውስጡ ቡሽ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ሽታው ደረሰብኝ፤ ለካ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ከርሟል። ባሌ አፍንጫውን ይዞ "ይህን ሻጋታ ለብሼ ከደሴ የሚመጡት ካድሬዎች ፊት አልቆምም፤ ባዶዬን እገባለሁ" አለ። እንደሚያደርገው አውቃለሁ።

በእንዶድ አጠብሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ጣራ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ የለቀቀ ይመስላል፤ ውሃ ጠብ ሲልበት ያው ነው። በዋዜማው ሰደርያውን ታቅፌ ሳለቅስ አማቴ ደረሱ።

"ያ ኢንታላ፣ ልጄ፣ ምን ያስለቅስሻል? ወይባ አለ አይደል?"

"እማ፣ ወይባ እኮ ሙሽራና አራስ የሚሞቁት ጢስ ነው።"

"ወላሂ፣ ሻጋታ ይህን መች ያውቃል" አሉ።

የወይባውን እንጨት የጢስ ጉድጓዱ ውስጥ አጫጭሰን ሰደርያውን ሙሽራ የምትቀመጥበት ዱካ ላይ አስቀመጥነው፤ ብርድ ልብስም አከናነብነው። ሲወጣ ሻጋታው ድራሹ ጠፍቷል። ባሌ አሸተተና "ደስ ይላል፤ የት ነው የማውቀው?" አለ። የሠርጋችን ለት መሆኑን አልነገርሁትም።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ማሰሪያውን ከጀርባው በኩል አጥብቄ ቋጠርሁለት፤ አባቴ ባቲ ገበያ የግመል ጭነት የሚያስርበት ቋጠሮ ነው። ይኼኔ ነፋሱ ለማየት ወደ ተሰበሰቡት ሴቶች ዞረ። አንዲት አሮጊት አፍንጫቸውን ቀና አድርገው "ሙሽራዋ የታለች?" አሉ። ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። አፍንጫቸው ባሌ ላይ ሲያደርሳቸው እልልታው ቀለጠ። ከካድሬዎቹ አንዱ እልልታው ለአብዮቱ መስሎት ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ።

ባሌ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሊያወልቀው እጁን ወደ ጀርባው ሲሰድ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ቋጠሮው አልፈታ አለው፤ ሳቁ ሲበዛበት ቢስሚላህም ሳይል ዘሎ ገባ።

ያ ዋና አልነበረም። ውሃው ያሰጥመዋል፣ ሰደርያው ያወጣዋል፤ እኔ ሻሼን ነክሼ ቆሜያለሁ። ወንዙ ብዙ ቁልቁል ወስዶ ማዶ ተፋው።

ሲመለስ ውሃውን አልሞከረውም፤ በድልድዩ ዞሮ፣ ሕፃናት እንደ ሙሽራ እያጀቡት ቤት ደረሰ። እንድፈታለት ጀርባውን ሰጠኝ።

"እንዳልሰምጥ ነው ወይስ እንዳላመልጥ እንዲህ ያሰርሽኝ?"

"ለሁለቱም" አልሁት። ልቀልድ ነበር፤ ውሃ ያጠበቀውን ቋጠሮ ግን እኔም መፍታት አቃተኝ።