ቃሌን እስክጨርስ የጠበቁኝ ሰዎች

የከተማችን የሃያ አምስት ዓመት የትራንስፖርት እቅድ ታትሞ ቢሮ ሲደርስ መጀመሪያ የገለጥኩት የምስጋናውን ገጽ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ተመስግነዋል፣ አማካሪዎች ተመስግነዋል፣ ገንዘብ የሰጡን ተመስግነዋል። የሰፈሬ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰዎች ግን የሉበትም። እንዲህ ባለ ሰነድ ላይ እነሱ የሚመሰገኑበት ቦታ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልተዋጠልኝም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከእነሱ ጋር የሆነውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ብቻዬን ስሆን፣ ስዘፍን ወይም ከሕፃን ጋር ስጫወት ምንም አይለኝም። ሰው ፊት ስቆም ግን አንዳንዱ ፊደል ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ይላል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ከሰፈሬ አልፌ፣ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ረዳቱ «እዚህ ነው እንዴ የምትወርደው?» ሲለኝ በጭንቅላቴ አዎ እላለሁ፤ ውሸት በጭንቅላት ሲሆን አይንተባተብም።

ሒሳብም አይንተባተብም። ትምህርቴንም ሥራዬንም የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቼ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ተከራየሁና እቅድ ከሚያወጣው መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከተማዋ ዛሬ በያዘችው መንገድ ከቀጠለች ከመኪኖቿ የሚወጣው ጋዝ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ማስላት ነበር። ሰው ሁሉ የቤት መኪና ቢገዛስ? አውቶቡሶች የራሳቸው መስመር ቢኖራቸውስ? ሁሉም በኤሌክትሪክ ቢሄዱስ? ቀኑን ሙሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ እውላለሁ፤ የሚያናግረኝም አልፈልግም ነበር።

የሚያናግሩንን ሁሉ የምታናግርልኝ ባልደረባ ነበረችኝ። እኔ አሰላለሁ፣ እሷ ታስረዳለች። ስብሰባ ላይ እሷ ስትቆም እኔ ከኋላ ሆኜ ስላይዱን እቀይራለሁ። ደግሞ አንድም ቀን ቃሌን ቀድማ ጨርሳልኝ አታውቅም። አንዳንድ ሰው ሊረዳኝ ብሎ ያላሰብኩትን ቃል አፌ ውስጥ ይከትልኛል፤ እኔም የማረሙን ድካም ፈርቼ «አዎ፣ እሱ ነው» እላለሁ። እሷ ግን ሻይዋን ፉት እያለች ትጠብቀኛለች።

ሰፈሬ ያለበት የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች በእቅዱ ላይ የሚወያዩበት ሳምንት ሲደርስ እናቷ ታመሙና አገር ቤት ሄደች። ዓርብ ከሰዓት አለቃችን ጠሩኝ።

«ነገ የምታቀርበው አንተ ነህ» አሉኝ።

«እኔ… አ… አልችልም።»

«ቁጥሩን ካንተ በላይ የሚያውቅ አለ?»

«ቁጥሩን አውቃለሁ። ማ… ማውራቱ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «ከጎንህ እቀመጣለሁ። ከከበደህ እቀበልሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ ትሞክራለህ» አሉ።

ተቀየምኳቸው። ጨካኝ ሰው ናቸው ብዬ ወጣሁ። ከቢሮ በቀጥታ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ይዤ ሰው የሌለበት ባሕር ዛፍ መሃል ገባሁ። ከተማዋ ከታች ስስ ግራጫ ጭጋግ ለብሳ ተኝታለች። ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ገለጻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አቀረብኩ። አንዲት ቃል አልያዘችኝም። ለባሕር ዛፍ ንግግር ማድረግ ምን ይከብዳል!

በማግስቱ የወረዳችን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቀን። ፊት ለፊት ሽማግሌዎችና ካህናት፣ መሃል ላይ ነጋዴዎችና መምህራን፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚኒባስ ሾፌሮች ቆመዋል። ያን ሁሉ ሰው ያመጣው ወሬ ነበር፤ «ለአውቶቡስ መንገድ ሲባል ቤት ሊፈርስ ነው፤ ሚኒባስም ከሰፈሩ ሊወጣ ነው» ተብሏል። ገና ሳንጀምር ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴትዮ «መጀመሪያ ቤቴ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? እሱን ንገሩኝ!» ብለው ጮኹ። ኋላ እንደሰማሁት ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ በሰፈሩ ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው።

«እንደምን አደራችሁ» የምትለው በደህና ወጣች። እንጦጦ ላይ የነበረኝ ድፍረት የተመለሰ መሰለኝ። የመጀመሪያው ስላይድ በራ።

«በዚህ መንገድ ላይ የሚሄደው አ… አው… አው…»

ቆመ። አፌ ተከፍቶ ድምፅ የለም። ከኋላ አንድ ሾፌር «አውሮፕላን!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን እሳት ሆነ። አለቃዬ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ሊነሱ ሲሉ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ደስም አለኝ፤ አለቀልኝ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ቀድመዋቸው የተነሱት የበርበሬ ነጋዴዋ ናቸው። ወደ ኋላ ዞሩ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? ሃያ አምስት ዓመት ጠብቁ ሊለን ነው የመጣው። አንድ ቃል መጠበቅ ያቅተናል እንዴ?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ሴትዮዋ ወደ እኔ ተመለሱ።

«በል ልጄ፣ ቀጥል። እኛ የትም አንሄድም። ቤታችንን ካላፈረሳችሁት በቀር።»

አለቃዬ መልሰው ተቀመጡ።

«አውቶቡስ» አልኩ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተይዣለሁ። ድኜ ወጣሁ የምል አይምሰላችሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስንተባተብ የሚመጣውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሰው መሬት የሚያይበት፣ ሰዓቱን የሚነካካበት ዝምታ ነው። የዚያን ቀን የነበረው እንደዚያ አልነበረም። መንገድ ላይ ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር ጓደኛ እንደሚጠበቅ ነው የጠበቁኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ጉዳይ ነገርኳቸው፤ እቅዱ መንገዱን አያሰፋም፣ ያለውን ለአውቶቡስና ለሌላው መኪና ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ። ቀጥዬ ስለ ጭሱ ተናገርኩ። የምናየው ጥቁሩ ጭስ ሳንባችንን እንደሚጎዳ፣ የማናየው ጋዝ ደግሞ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን እንደሚያሞቅ፣ ዝናቡ ወቅቱን መሳት የጀመረበት አንዱ ምክንያት እሱ እንደሆነ፣ ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ ስንት መኪና እንደሚተካ፣ የኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ጭስ ማውጫም እንደማያስፈልገው ነገርኳቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ አንድ መምህር።

እንደገና ሳቅ ሆነ። «እሱ እኔንም ያሳስበኛል» አልኩና ማታ ማታ እንዴት እንደሚሞሉ፣ መጠባበቂያው የት እንደሚሆን አስረዳሁ።

የበርበሬ ነጋዴዋ እጃቸውን አወጡ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አላዘኑልኝም።

«እሺ፣ አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ አወረደኝ። ቤቴ ያለው ዳገቱ ላይ ነው። ያንን ማን ያወጣኛል?»

ይህን አስልተነዋል። ወደ ውስጥ በሚገቡት መንገዶች ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከአውቶቡሱ ጋር ተናበው ይመላለሳሉ። ከእቅዱ ሁሉ የምወደው ክፍል እሱ ነው፤ በየቀኑ የምወጣው ዳገት ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ካርታውን አውጥቼ የእሳቸውን መንገድ አሳየኋቸው።

«ጆንያዬንስ ይጭናል?»

«እ… እሱን አላሰብነውም።»

«እንግዲያው አስቡታ» ብለው ተቀመጡ።

ያ አውሮፕላን ያለው ሾፌር ደግሞ ተነሳ። «እኔስ? ሐሳባችሁ እኛን ከመንገድ ማስወጣት ነው?» አለ። ሚኒባሶቹ ወደ ውስጥ መስመሮች እንደሚዞሩ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ብድር እንዲመቻች እቅዱ እንደሚጠይቅ ነገርኩት።

«ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ያምራል!»

«ወረቀት ላይ ካልጀመርነው…»

«እኔ ልጆች አሉኝ ወንድሜ! ብድሩ እስኪመጣ…»

«ቆ… ቆይ፣ እኔ ልጨርስ!»

ከአፌ የወጣውን ስሰማ ራሴው ደነገጥኩ። በሕይወቴ የሰው ንግግር አቋርጬ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ምንም አልመሰለው፤ «ጨርስ እሺ፣ ጨርስ» አለና እጁን አጣጥፎ ሰማኝ፤ ስጨርስም አላሳመንከኝም አለኝ። እንዲያ ስንከራከር ስብሰባው ከሰዓቱ አለፈ። ደግነታቸውን ሳስብ ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ መጠበቃቸው ብቻ አይደለም። ከጠበቁ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ተከራከሩኝ። የሚታዘንለትን ሰው ማን ይከራከረዋል?

ደጅ ስንወጣ ሾፌሩ መጣ።

«ስለ አውሮፕላኑ ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

«ግድ የለም። እሱም ጋ… ጋዝ ያወጣል።»

ሳቀና ጋቢና አስገብቶኝ እስከ ቤቴ አደረሰኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ባትሪ ዋጋ እየተሟገተኝ። አለቃዬ ከመለያየታችን በፊት ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስለ ነዳጅ የሚያወራው ክፍል ላይ ፈጠንክ፤ ሌላ ጊዜ ረጋ በል።» እንደ ሌላው ሠራተኛ ታረምኩ። ቅያሜዬን እዚያው ተውኩት።

ባልደረባዬ ማታ ደወለች። ስልክ እንደማልወድ ስለምታውቅ አጭር ነው ብላ ነበር የጀመረችው፤ ብዙ አወራን። እናቷ ተሽሏቸው ስትመለስ ገለጻውን ለሁለት ተካፈልነው።

ሁሉም ቦታ እንደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አልነበረም። አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰውዬ «የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነው?» ብለው ሲናገሩ ማንም መልስ አልሰጣቸውም። በጣም ከፋኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ተናግሬ ወረድኩ። ሰው ሊጠብቀኝ እንደሚችል ስለማውቅ ነው የቻልኩት።

እቅዱ ውስጥ፣ ስለ አገልግሎቱ በሚያወራው ምዕራፍ፣ የገበያ ዕቃ ለሚይዙ ተሳፋሪዎች በአውቶቡሱም በትናንሾቹ መኪኖችም ቦታ ይዘጋጅ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ያ የሴትዮዋ ነው። የሾፌሮቹ ብድር አሁንም እየተነጋገርንበት ነው፤ የእኛ ዳገት ተራም ገና ነው። በከተማዋ ድምፅ የሌላቸው አውቶቡሶች ማየት ግን ጀምረናል። ሒሳቤ ልክ መሆኑን በደንብ የሚያውቁት ዛሬ በእናታቸው ጀርባ ያሉት ናቸው፤ ለዚያ ያህል ጊዜ የሚሆን ሥራ ስለተሰጠኝም ደስተኛ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን የእቅዱ ክለሳ ሊጀመር ነውና ከነዋሪ ጋር የሚደረገው ውይይት የት ይጀመር ብለው ጠየቁን። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ከየካ» አልኩ።