ረባዳው ላይ የተዘራው ገብስ

የጎመን ውኃ ሲደፋ የሚነሣው ሽታ፣ የትም ልሁን የት፣ እግሬን ያቆመዋል። ባለፈው ሳምንት ዳባት ገበያ ውዬ ስመለስ አንዲት ሴት ከደጃፏ ወጥታ ጎመን የቀቀለችበትን ውኃ መንገድ ዳር ደፋችና እንፋሎቱ ፊቴን ሲነካኝ፣ አብሮኝ የነበረው ሰው እስኪጠራኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ውርጭ የመታው ገብስ ፀሐይ ስታርፍበት የሚሸተው ልክ እንደዚያ ነው።

እኔ ስለ ተክል የማውቀውን ያህል የሚያውቅ ሰው ከደባርቅ እስከ አዲ አርቃይ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ሰው ሁሉ የመሰከረው ነገር ስለ ሆነ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ሌላው ሲተክለው የሚደርቀውን የፖም ችግኝ አጽድቄ አሳይቻለሁ፤ የተማሩት የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ የታመመ ቅጠል ይዘው ደጄ ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ዝና ሥር ግን ለማንም ያላወራሁት አንድ ነገር አለ።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ጉብታ ወገብ ላይ ነበረ። ከቤቱ ጎን ቀይና ድንጋያማ ተረተር ነበረን፤ ከታች ደግሞ ረባዳው ነበረ፣ አፈሩ ጥቁር፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ቅቤ የሚለሰልስ። አባቴ ግን ሁልጊዜ ገብሱን የሚዘራው ተረተሩ ላይ ነበር፣ ረባዳውን ለሣር ይተወው ነበር። ደርግ ሚሊሻ ሲመለምል አባቴም ተመርጦ ሄደ። ሊሄድ ሲል ለእናቴ አደራ ያላት ብዙ ነገር ነበር፤ ከሁሉ ግን ደጋግሞ ያለው ይህን ነው፦ «ረባዳውን ለሣር ተይው፤ ውርጭ ይተኛበታል።»

በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት በመንደራችን ተጀመረ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፊደሉን በሁለት ወር ጨርሼ ሽማግሌዎቹን የማስቆጥረው እኔ ሆንሁ። ጎረቤታችን አያ ደምሌ ከተማሪዎቼ አንዱ ነበሩ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮም እየቀለዱ «የኔታ» ይሉኝ ነበር። ሊያስተምሩን ከመጡት ዘማች ተማሪዎች አንዱ ስለ እርሻ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ትቶልኝ ሄዶ ነበርና እርሷን በቃሌ እስክይዛት ድረስ አነበብኋት። ተክል ለማደግ ብርሃን፣ ውኃ፣ አየር፣ ለም አፈርና ተስማሚ ሙቀት ያስፈልገዋል ትል ነበር። አራቱን አምኜ ተቀበልኋቸው፤ አምስተኛውን፣ ሙቀቱን፣ ፀሐይ ለሁሉም እኩል የምታድለው ስለ መሰለኝ ዘለልሁት።

መጋቢት ላይ ሦስት ባዶ ጣሳዎች ለቃቅሜ ገብስ ዘራሁባቸው። አንዷን ከጎተራው ጀርባ ጨለማ ውስጥ አኖርኋት፤ ቡቃያው እንደ በሽተኛ ገርጥቶ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ወደቀ። ሁለቱን ውጭ፣ ከምድጃችን ጀርባ ካለው ግድግዳ ሥር አስቀመጥኋቸው። የተረተሩን አፈር የያዘችው ቀጫጫ ቡቃያ አበቀለች፤ የረባዳው አፈር ያለባት ግን ቅጠሏ ሰፍቶ፣ አረንጓዴነቱ ጠቁሮ፣ ጣሳዋን ሞላ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣሳዎቹን አውጥታ «የልጄን ሥራ እዩልኝ» ትል ነበር፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ አስረዳ ነበር።

ሰኔ ሲገባ የገበሬ ማኅበሩ ለዘማች ቤተሰብ እንዲያርሱ ሰዎች መደበልን፣ ከእነርሱም አንዱ አያ ደምሌ ነበሩ። ያለን ዘር አንድ ጆንያ ተኩል ብቻ ነበር፣ ከእርሱ ሌላ ጎተራው ባዶ ነበር። በሬዎቹን ወደ ተረተሩ ሲነዷቸው ከፊታቸው ቆምሁና ዘንድሮ የሚዘራው ረባዳው ላይ ነው አልሁ። አያ ደምሌ ሳቅ አሉ።

«የኔታ፣ ጣሳና ማሳ አንድ አይደለም። አባትህ የተናገረውን ረሳኸው?»

እኔ ውርጩን የድሮ ሰው ወሬ ነው ብዬ አጣጣልሁት። እርሳቸውም ቀስ ብለው፣ እንግዲያውስ ግማሹን ተረተሩ ላይ እንበትን፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል አሉ። እሺ ብል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሰው ሁሉ በቆመበት፣ «አያ ደምሌ፣ ትናንት ‹ለ›ን ከ‹ሰ› መለየት ያቃተዎት ሰው ዛሬ ከመጽሐፍ ጋር ይሟገታሉ?» አልኋቸው። ሰዎቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ ረባዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «ልጄ ከመጽሐፍ አይቶ ነው፤ ይዘራ» አለች። ዘሩ እንዳለ ረባዳው ላይ ወረደ። እኔም በዚያው ቀን ከዚያው ዘር ጥቂት ወስጄ ያችን የረባዳ አፈር ያለባትን ጣሳ እንደ ገና ዘራኋት።

ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ አልነበረም። ተረተር ላይ የተዘራው የጎረቤት ገብስ ጉልበት ሳያልፍ የእኛ ወገብ ደረሰ። ዝናቡ አባራ ባለ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ማሳችንን አሳይ ነበር። ለመስቀል ዛላው ወጥቶ ሲያብብ አያ ደምሌ ራሳቸው «የኔታ፣ ረታኸኝ መሰለኝ» ብለውኝ አለፉ።

ጥቅምት እንደ ባተ ሰማዩ ጥርት አለ፣ ነፋሱም ጸጥ አለ። አንድ ማለዳ ስወጣ ተረተሩ እንደ ነበረ ነው፤ ረባዳው ግን ከዳር እስከ ዳር አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል እየወረደ ጎድጓዳ ቦታ ላይ እንደሚተኛ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ አመዳዩ ቀለጠ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ተኛ፣ ያ የተቀቀለ ጎመን ሽታ ከረባዳው ተነሥቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዛላው ነጣ። ፍሬ ስለሌለው አላጎነበሰም፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከግድግዳው ሥር የነበረችው ጣሳ ግን ምንም አልሆነችም፤ ምድጃው ግድግዳውን ሲያሞቀው ከርሞ፣ የእርሷ ገብስ ፍሬ ቋጥሮ ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ እግሩ ቆስሎ፣ እያነከሰ ተመለሰ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ እንኳን ደኅና ገባህ እያለው ሳለ ቤት ሳይገባ ወደ ረባዳው ወረደ፣ እኛም ተከተልነው። አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፣ እፍ አለው፣ መዳፉ ላይ ምንም አልቀረም።

«ይህን ማን አስዘራው?»

አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ልከፍት ነበር ብል ውሸት ነው፤ የአባቴን ከዘራ ነበር የማየው።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ፤ «ጥቁር አፈሩ አጓጓኝ።»

አባቴ መዳፉን አራገፈና «አንቺ ሴትዮ፣ ውርጭ ነው እንዴ የዘራሽልኝ?» አላት። ከቆሙት ሰዎች አንዳንዶቹ ሳቁ። አያ ደምሌ መሬት መሬቱን አዩ፤ እርሳቸውም ሆኑ አብረዋቸው ያረሱት እናቴ ራሷ «ይዘራ» ስትል ሰምተው ነበርና፣ እውነቱን ለአባቴ አልነገሩትም። ቤት ስመለስ ጣሳዎቹን ከግድግዳው ሥር አጣኋቸው፤ እናቴ አባቴ ሳያያቸው ደብቃቸው ነበር።

ያን በጋ እናቴ ዳባት ወንድሟ ዘንድ በእግሯ ሄዳ ለዘር የሚሆን ገብስ ለምና፣ በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። እኛም ቆሎ እየቆጠርን ከረምን። ስሟ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ «ውርጭ ዘሪዋ» ሆነ። ምንጭ ስትወርድ፣ ከቅዳሴ ስትወጣ «ውርጭ ዘሪዋ መጣች» ይሏት ነበር፣ እርሷም አብራቸው ትስቅ ነበር። እኔ ጎረመስሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፤ አባቴ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። እናቴ ባረፈች ጊዜ አንዲት አልቃሽ ያንኑ ስም በፍቅር እየጠራች አስለቀሰች። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ዛሬ ረባዳው የእኔ ነው፣ ሣር ነው ያለበት። የሙቀት መለኪያ ገዝቼ አንዱን ተረተሩ ላይ፣ አንዱን ረባዳው ላይ ሰቅያለሁ፣ ችግኝ ሊተክል የመጣን ሰው ሁሉ ሁለቱን አሳየዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት ባለሙያ ሁለቱን እያስተያየች በመገረም፣ «አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። ያኔ ዝም ያልሁት ዱላ ፈርቼ ነበር። አሁን የሚመታኝ የለም፤ ያም ሆኖ እንደ ወትሮዬ ደረቴን ነፍቼ «ራሴን በራሴ» አልኋት፣ እርሷም ጻፈችው።

ከሸኘኋት በኋላ ቤት ገብቼ ወጡን ቀመስሁ። ጨው ያንሰዋል። እናቴ ከደበቀቻቸው ጣሳዎች አንዷን የጨው ማስቀመጫ አድርጋት ነበር፣ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለች። አወረድኋትና ይዣት ቆምሁ።