ከደፉ የቀረ ውሃ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል። ስትሄድ ሮጣ፣ ስትስቅ ጮሃ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ሳትጨርስ ትታረቃለች። የምትሰፋው ከመኖሪያ ቤቷ ሥር ባለችው ምድር ቤት ነው። ከግቢው ወደ በሯ የሲሚንቶ ደረጃ ይወርዳል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ታዲያ ጎርፉም በዚያው ደረጃ እየተንደረደረ ሳያንኳኳ ይገባል።

አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ ጨርሳ የሰቀለችውን የሙሽራ ቀሚስ ጫፉ ጭቃ ጠጥቶ አገኘችው። አጥባ፣ ተኩሳ አስረከበች።

«ከእንግዲህ ጎርፍ ልቀዳ ባልዲ አልጨብጥም!» አለች ለባሏ። «ቦይ እናወጣለን።»

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። «እነማን ነን የምናወጣው?»

«እኔ፣ አንተ፣ ጋሼ!»

ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ግንበኛ ነው። በእረፍት ቀኑ መዶሻና መሮውን ይዞ መጣ። ከበሩ ደፍ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲሚንቶውን ፈለጡት። ቤቱ ዳገት ላይ ስለሆነ፣ ከቦዩ የሚነሳ ቱቦ ቀብረው፣ በቤቱ ጎን ዞሮ ውሃውን ታችኛው መንገድ ላይ ካለው ቦይ እንዲጥል አደረጉ። እሷ አፈር እያወጣች፣ «ቶሎ በሉ! ሰማዩን አታዩትም?» ትላለች።

ቱቦው ገና ከመጋጠሙ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋችበት። ውሃው ትንሽ አሰበና ወደ በሩ ተመለሰ።

ባሏ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሼ ግን ተቆጣ። «ውሃ ልክ የት አስለካሽኝ! ቶሎ ቶሎ ስትይኝ ቱቦው ሽቅብ ሄደ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንንቀለው» አለች።

ነቀሉት። አሁን ውሃ ልኩን የያዘችው ራሷ ናት፤ ውስጡ ያለችውን አረፋ ትንፋሿን ውጣ ታያለች። ቦዩ ላይ የብረት ፍርግርግ ከገጠሙ በኋላ ባልዲውን ለባሏ ሰጥታ ወደ ታችኛው መንገድ በረረች።

«ድፋው!»

የቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቱቦው ጉርርር ብሎ ተፋ።

«መጣ! ጋሼ፣ መጣ!»

ከዚያ ወዲያ ዝናብ ስትረግም የኖረችው ሴት ደጅ እየወጣች ደመና ትለማመጥ ጀመር። ሰማዩም ኩም አድርጓት ከረመ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ለደንበኛዋ ኮት እየለካች ሳለ ዶፉ ወረደ። መለኪያውን ጥላ፣ አንድ እጅጌ ብቻ የለበሰችውን ሴትዮ እየጎተተች በሩን ከፈተች።

«ነይ እይልኝ!»

ጎርፉ ከደረጃው ተወርውሮ ወረደ፤ ፍርግርጉ ላይ ሲደርስ ተሽከርክሮ ጠፋ። ሌላ መጣ፤ እሱም ጠፋ። ሁለቱም ጮኹ።

«ኧረ ምን ሆናችሁ?» አለች ጎረቤት ከላይ በመስኮት።

«ደረቅ ነው! ወለሉ ደረቅ ነው!»

ባሏ ከሥራ በስብሶ ሲመጣ፣ እሷ ደፉ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«አንተ! ጫማህን እዚያው አውልቅ። ወለሌን እንዳታረጥብብኝ!»